አትቅደሚ

ጥፋቱ የእኔ ነው። ስልኩን ያነሳሁት እኔ፣ ሴትየዋን ሳላስጨርስ ያቋረጥኳት እኔ፣ አራት ወንዶች ይዤ ወንድ የማይገባበት ሰርግ ቤት በር ላይ የተገተርኩትም እኔ።

የደወለችው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። «አዴ ባህሪያ በይኝ» አለች። ጅማ ጨርቅ ትነግዳለች፤ የእህቷን ልጅ ልትድር ነው። ክራር ስጫወት የተቀረጽኩትን ቪዲዮ ሙሽራዋ ቴሌግራም ላይ አይታ «እሷን ካላመጣችሁልኝ» ብላለች። «የሴቶቹ ዝግጅት ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ በኛ ዘንድ…» ብላ ስትጀምር ታክሲው መውረጃዬ ጋ ደረሰ። «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ ችግር የለም» ብዬ ዘጋሁት።

ጅማ ስንገባ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ሰርቦ ላይ ጎማ ስንቀይር ግማሽ ሰዓት ሄደ፤ ቡና የጫነ አይሱዙ ከፊታችን ሲንፏቀቅ ሌላ ግማሽ። ድራም የሚመታው ዮኤል፣ «ሰዓቱን ስላየሽው መኪናው አይፈጥንም» ይለኛል። መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ ከባጃጅ ጋር እየተጋፋን ግቢው በር ላይ ስንደርስ ከውስጥ ጭብጨባ ይሰማ ነበር።

አዴ ባህሪያ በሩን ከፍታ ወጣች። አቅፋ ሳመችኝ፤ ከዚያ ከኋላዬ ቤዝ ጊታሩን አንግቶ የቆመውን ፍሬዘርን አየች፤ ከሱ ኋላ ሌሎቹን።

«እነዚህስ?»

«ባንዱ ነው፣ አዴ።»

«ወላሂ ጉድ ፈላ! ልጄ፣ ውስጥ ሴቱ ሁሉ ሻሹን አውልቋል፤ ሙሽሪት ፀጉሯን ለቃ ትጨፍራለች። ስልክ እንኳን ፎቶ እንዳይነሳ በር ላይ ሳፋ ውስጥ ነው የምንሰበስበው። ይሄን ልነግርሽ ስል አይደል የዘጋሽብኝ?»

ፍሬዘር ወደ እኔ ዞረ።

«እኛ ግቢው ውስጥ ብንሆን፣ መስኮቱን ዘግታችሁ…» ብሎ ጀመረ።

«ግቢውም ዛሬ የሴት ነው፣ የኔ ልጅ። አትቀየሙን። ለናንተ ወንድሜ ሀቢቡላህ ቤት ምሳ ቀርቧል። እሷ ትግባ።»

«ማጉያውን የምናስኬደው እኛ ነን፤ ያለ እሱ ክራሯን ማን ይሰማላታል?»

«እኛ እንዘፍናለን፣ እሷ ትከተለናለች። ኮቱ፣ ነይ ልጄ፣ ልጅቷ በር በር እያየች ነው።»

«መጣሁ» አልኳትና ወደ ሚኒባሱ ተመለስን።

ፍሬዘር የባንዱ መሪ ነው። በሚቀጥለው ወር ካምፓላ ፌስቲቫል ላይ እንጫወታለን፤ ግብዣውን ያመጣው እሱ ነው። እዚያ አንድ መንገድ ላይ አምስት መድረክ ይተከላል አሉ፤ ከአንዱ ወርደሽ ሌላው ላይ ትወጫለሽ። ፓስፖርቴ ከወጣ ወዲህ ከቦርሳዬ ተለይቶ አያውቅም።

«ወይ ሁላችንም፣ ወይ ማናችንም» አለ። «ባንድ ማለት ይሄ ነው።»

«እመጣለሁ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ማንን አማክረሽ? ልምምድ ላይ አትቅደሚ፣ መድረክ ላይ አትቅደሚ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አትቅደሚ! ይኸው ስልክ ላይም ቀደምሽ።»

«ልክ ነህ» አልኩት።

ይህን አልጠበቀም። ዮኤል፣ «ትህትና ብሎ ስም ያወጣላት ሰው ግን አንድ ቀን ይጠየቅበታል» አለ። ማንም አልሳቀም።

«ከገባሽ ካምፓላን እርሺው» አለ ፍሬዘር። «ክራር የሚጫወት አላጣም።»

አያጣም። እኔ ግን ካምፓላ የምሄድበት ሌላ መንገድ የለኝም፤ አለኝ ብዬ ራሴን አላታለልኩም። ግቢው ውስጥ ጭብጨባው ቆመና እንደገና ጀመረ። ቀርፋፋ ነው፤ ለእኔ እጅ በጣም ቀርፋፋ። ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ ሁለት ጊዜ ቀደሙት፤ በሦስተኛው ያዝኩት። የኦሮምኛ ዘፈናቸውን አላውቀውም። ለአርባ ሴት ያለ ማጉያ ተጫውቼም አላውቅም። ልጅቷ የምትጠብቀው ግን ባንዱን አይደለም፤ ቪዲዮው ላይ ያየችውን ክራር ነው። አሁን ብመለስ የራሴን ጥፋት ሰርጓ ላይ ጥዬላት መሄዴ ነው።

ክራሬን ከማኅደሩ አወጣሁ።

«ትህትና» አለ ፍሬዘር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስንነሳ እደውላለሁ። ስልክሽን አጠገብሽ አድርጊው።»

«ሳፋ ውስጥ ነው የሚሆነው።»

የዚያ ሚኒባስ በር በአንድ ጊዜ ተዘግቶ አያውቅም፤ ሁላችንም ወርውረነው ሲመለስብን፣ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ዮኤል ነው በሁለት እጁ ሲታገለው የመጣው። ወረድኩ። ክራሩን ብብቴ ስር ይዤ፣ በሩን ቀስ ብዬ እስከ መጨረሻው ጎተትኩት፤ በአንድ ጊዜ ተዘጋ።