የሁምቦው ዱቄት

ሩት ሰው አታምንም። ሶዶ ባለው ላብራቶሪ ውስጥ የራሷን እስክሪብቶ እንኳ ቆጥራ ነው የምትወጣው። ስለዚህ የሁምቦው ዱቄት ውጤት እንደዚያ አምሮ ሲመጣ ደስታው ቀርቶ ነገሩ አልጥም አላት።

ዱቄቱን ያመጣችው ራሷ ናት። እናቷ ወይዘሮ ሽታዬ በጉልበት ሕመም ሁለት ዓመት ቤት ውለው ነበር። አቶ ኤርካሎ የሚባለው የሁምቦ መድኃኒት አዋቂ የሚሸጠውን የሥር ዱቄት በየማለዳው አንድ ማንኪያ መውሰድ ከጀመሩ ስምንት ወራቸው ሲሆን ዛሬ ገበያ በእግራቸው ይሄዳሉ። ፊታቸውም ሞልቶ ጎረቤቱ ሁሉ «አማረብሽ» ይላቸዋል። ሩት ግን ማረጋገጥ አለብኝ ብላ ከብልቃጡ ስትቆነጥር እናቷ ቅር አላቸው። «አንቺ እኮ ማመን የሚባል አልፈጠረብሽም» አሏት።

ሥራው እንዲህ ነው። ጥቃቅን ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ላይ ሕይወት ያላቸው ሴሎች ይደረጋሉ። ከባክቴሪያ በተወሰደ ነገር ሲነኩ ይቆጡና የብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ ምልክት ይረጫሉ፤ ምልክቱ በበዛ ቁጥር የመለኪያው ፈሳሽ ቢጫነቱ ይደምቃል። ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት ቢጫውን ያደበዝዘዋል። የሁምቦው ዱቄት ግን ለማነጻጸሪያ ከተቀመጠው ብርቱ መድኃኒት፣ ከዴክሳሜታዞን እኩል አጠፋው።

ዓይኗን የጣለችው የሥራ ባልደረባዋ ሚልክያስ ላይ ነው። ሳህኑን የሞላው እሱ ነዋ!

«ዴክሳሜታዞን በነካው የጠብታ መቅጃ ፒፔት ነው የሠራኸው» አለችው።

«ጫፉን በየጉድጓዱ ቀይሬያለሁ። ሴሎቹም ሞተው እንዳይሆን አይቻለሁ፤ ደህና ናቸው።»

«እንግዲያው ልታዋርደኝ ፈልገህ ነው።»

ሚልክያስ ሳቀ። «ሩቲ፣ እኔን ከምትጠረጥሪ ዱቄቱን ለምን አትጠረጥሪም? ሥሩን ራስሽ ቆፍረሽ አምጪ።»

ቆሽቷ አረረ። እናቷን ያስነሳ ዱቄት ይጠረጠራል? ቢሆንም ቅዳሜ ሁምቦ ወረደች። አቶ ኤርካሎ ኮረብታው ላይ ያለውን ቁጥቋጦ አሳያት፤ ልቆፍር ስትል ግን ፊቱ ጠቆረ። «መውቀጡን ለእኔ ተይው፣ ያለ እኔ እጅ አይሠራም» አላት። እሷ እቴ! ቆፍራ፣ አድርቃ፣ ወቅጣ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት። ሚልክያስንም አላስጠጋችም፤ ሳህኑን ብቻዋን ሞላች።

የሥሩ ጉድጓዶች አንድም ሳይቀሩ ደማቅ ቢጫ ሆኑ። ሥሩ ምንም አልሠራም። የሠራው አቶ ኤርካሎ ደብቆ አብሮት የሚወቅጠው፣ እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ክኒን ነው። ያኔ የእናቷ የሞላ ፊት ትዝ አላትና ክው አለች። ውፍረት ሳይሆን የክኒኑ እብጠት ኖሯል!

«ዱቄቱን ዛሬውኑ እደፋዋለሁ!» ብላ ስትነሳ ሚልክያስ በር ላይ ቆመ።

«እንዳታደርጊው። ስምንት ወር የወሰዱትን በአንዴ ቢያቋርጡ ሰውነታቸው ሊከዳቸው ይችላል። ቀስ በቀስ የሚያስቀንሳቸው ሐኪም ነው። ነገ በጠዋት ኦቶና ሆስፒታል ውሰጃቸው፤ እስከዚያ የማለዳውን ማንኪያ እንዳይዘሉት።»

«እሺ» አለችው። ሩት የሰው ቃል ሳታጣራ ስትቀበል ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ወይዘሮ ሽታዬ ወደ ብልቃጡ እጃቸውን ሲሰዱ ቀደመቻቸው። «ተይው እማ፣ እኔ እሰጥሻለሁ።» ማንኪያውን አስተካክላ ሞልታ ሰጠቻቸው። እናቷ ዋጡት፣ ውኃ ጠጡበት፣ በዚያ ክብ ፊታቸውም ሳቁላት።

«ዛሬ ገና አመንሽኝ፣ ልጄ?»

ሩት እንባዋ መጣባት። «ጫማሽን አድርጊ እማ» አለች፣ «ባጃጁ ቆሞ እየጠበቀን ነው።»