በሚስራ ስም

«ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ እያለች እሷው ናት መንገድ ላይ ያስቀረችው!»

ሚስራ ጓዳ ውስጥ የስድስት ዓመት ልጇን የዓፊያን ቀሚስ እየቀየረችላት ነበር። እጇ ቁልፉ ላይ ቀረ። ከመጋረጃው ወዲያ፣ ለቀስተኛ ሴቶች በተቀመጡበት ክፍል፣ የምታወራው ጎረቤታቸው ረቢአ ናት። ረቢአ አንሾካሾክሁ ስትል እንኳ ግቢው በሙሉ ይሰማታል።

«እሱማ እናቱን ጥሎ የት ይሄድ ነበር? ቤት ፈልግልኝ ብላ ስትነዘንዘው፣ ስትነዘንዘው... ይኸው ሲመለስ ሐርቡን ሳያልፍ ሚኒባሱ ተገለበጠ።»

«ተይ እንጂ፣ ትሰማሻለች» አለች ሌላዋ።

«ትስማኛ!»

ሚስራ መጋረጃውን ያዘች። ወጥታ አንዲት ነገር ብትናገር ይበቃ ነበር፤ እንሂድ ያለው እሱ ነው፣ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ግን ከሴቶቹ መካከል አማቷ እማ ኡምኩልሱም ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። የረቢአን ወሬ ሰምተዋል፤ አንድም ቃል አልመለሱም። ሚስራ ያንን ዝምታ መሻገር አቃታት። መጋረጃውን ቀስ ብላ ለቀቀችው።

አብዱልሰመድ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። መጋቢት መጨረሻ፣ ከሚሴ ላይ ነፋስ የሚባል ነገር የጠፋበት ሰሞን።

አብዱልሰመድ በያጅ ነበር። ከዋናው መንገድ ዳር ባለች አነስተኛ ሱቁ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። በከተማው እሱን የማያውቅ አልነበረም፤ ጭንቁም ይኸው ነበር። ሰርግ ሲኖር ድንኳን ተካዩ እሱ፣ ታማሚ ሲኖር ባጃጅ ፈላጊው እሱ፣ የጎረቤት በር ቢጣበቅ ከምሳው ላይ የሚነሳው እሱ። «አልችልም» የምትባለዋ ቃል አፉ ላይ አልተፈጠረችም። ሰው ከሸኘ በኋላ ግን ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ይዘረጋና ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ኮምቦልቻ ስሄድ ምን እንደሚያስደስተኝ ታውቂያለሽ?» አላት አንድ ቀን።

«ምን?»

«መንገድ ላይ አንድም ሰው አይጠራኝም።»

ሚስራ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ቤታቸው ውስጥ ገባ። ኮምቦልቻ ፋብሪካው በዝቷል፣ በየሰፈሩ ፎቅ ይጀመራል፣ በያጅ እየተፈለገ ነው አላት። ሚስራ ግን ከጨፋ ሮቢት ወዲያ ካለ ገጠር ተነስታ፣ አስተማሪ ሆና ከሚሴ እስክትገባ ያየችውን አልረሳችም። ለእሷ ከሚሴ የደረሰችበት ቦታ ነው። ሦስተኛ ክፍል የምታስተምራቸው ልጆች አሉ። እማ ኡምኩልሱምም አሉ፤ «እኔ ከዚህ ግቢ የምወጣው በቃሬዛ ነው» የሚሉ ሴት። አብዱልሰመድ ደግሞ አንድ ወንድ ልጃቸው ነው።

«እማን ማን ይነግራቸዋል?» ብላው ነበር። «አንተ ትነግራቸዋለህ?»

ጃኬቱን አንስቶ ወጣ።

ለመጨረሻ ጊዜ የተጨቃጨቁት ረቡዕ ጠዋት፣ እሷ ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ ነው። «የምትሄድ ከሆነ ብቻህን ሂድ!» ብላው በሩን ወርውራ ወጣች። በማግስቱ ብቻውን ሄደ።

በአራተኛው ቀን ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ሚስራ ለአማቷ ሾርባ ይዛ ገባች።

«እማ፣ ትንሽ ይቅመሱ።»

«አስቀምጪው።»

«ይቀዘቅዛል እኮ።»

እማ ኡምኩልሱም ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው አልቅሶ አልቅሶ ደርቋል። «ልጄ ምን አጎደለብሽ?» አሉ። «ኢልማ ኮ! አንድ ልጄ! ምን አርጎሽ ነው ከሀገሩ ያስነሳሽው?»

«እኔ እኮ...»

«አትዋሺኝ! ራሱ ነግሮኛል። እዚችው፣ እግሬ ሥር ተቀምጦ። ‹ሚስራ ካልሄድን ብላ ያዘችኝ፣ ምን ላድርግ እማ› አለኝ። አንድ ጊዜ መሰለሽ? ሁለት ጊዜ!»

ሚስራ ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠች፤ ሾርባው ጣቷ ላይ ፈሶ ነበር፣ ማቃጠሉ አልተሰማትም። ሚስራ ካልሄድን ብላ ያዘችኝ። እናቱን ፊት ለፊት ማየት ፈርቶ ስሟን እንደ ጋሻ ይዞ ኖሯል። ረቢአም፣ ጎረቤቱም ወሬውን የቀዱት ከራሱ አፍ ነው።

ወደ ጓዳ ተመልሳ የተሰቀለ ጃኬቱን አየችና ትን አላት። አራት ቀን ሙሉ ያለቀሰችለትን ሰው አሁን አንገቱን ይዛ ልትጮህበት ፈለገች። ለምን? አንድ ጊዜ ለምን በራስህ ስም አልተናገርክም? ለመጣላትም ግን ሰው በሕይወት መኖር አለበት። ጃኬቱን ከምስማሩ ነቀለችና ወለሉ ላይ ጣለችው። ዓፊያ በሩ ላይ ቆማ እያየቻት ነበር። ሚስራ ጎንበስ ብላ አነሳችው።

ማክሰኞ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ማንም የማያውቃት ሴት መጣች። «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ብላ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ቀጠን ያለች ናት፤ ጥቁር ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛለች፤ የቀሚሷ እጅጌ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ።

«ከየት ነሽ እናቴ?» አለች ረቢአ።

«ከኮምቦልቻ።»

የእማ ኡምኩልሱም ጣቶች በሚቆጥሩት ሙስበሃ ላይ ቆሙ።

«አብዱልሰመድን በምን ታውቂዋለሽ?»

ሴትዮዋ ወዲያ ወዲህ አየች። «በ... በአንድ ጉዳይ ተገናኝተን...»

ሴቶቹ ተያዩ። ሚስራ ከማንም ቀድማ ተነሳች። «እኔን ፈልጋ ነው፤ አስተማሪ ናት» አለች፣ ያየችው የጠመኔውን ብናኝ ብቻ ቢሆንም። «ነይ፣ ጓሮ እንሂድ።»

ጓሮው ውስጥ አብዱልሰመድ የጀመረው መስኮት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሚስራ ዞር ብላ፣ «ባሌ አንቺ ጋ ምን ይሠራ ነበር?» አለቻት።

«ወላሂ እንደምታስቢው አይደለም። ሰዒዳ እባላለሁ፤ የጨፋ ሮቢት ልጅ ነኝ። ኮምቦልቻ ነው የማስተምረው። እናቴ እዚህ ጨፋ ሮቢት ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት ተኝታለች። ዓርብ ዓርብ ስመላለስ ሁለት ዓመቴ። ከእኔ ጋር ቦታ የሚለዋወጥ የከሚሴ አስተማሪ አጥቼ ሳለሁ ባልሽ ትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆሞ ዘበኛውን ያናግራል። ‹ከሚሴ መምጣት የምትፈልግ አስተማሪ የለችም ወይ› ይላል። እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት አራት ትምህርት ቤት ዞሯል።»

ሚስራ ታያት። ለእናቱ አንዲት ቃል መናገር የፈራ ሰው አምስት በር ላይ ቆሞ እንግዳ ሲለማመጥ።

«ሚስቴ ተስማምታለች አለኝ። ቅጹን ሞላን፤ የቀረው የአንቺ ፊርማ ነበር። ሐሙስ ዕለት መጣና...» ሰዒዳ ወደ መስኮቱ ዞረች። «‹አፉ በይኝ፣ ዋሽቼሽ ነበር› አለኝ። ‹ሚስራ እንቢ ብላለች፤ እሷን አስከፍቼ የትም አልሄድም፤ ሌላ ሰው ፈልጊ› አለኝ። እኔ ደግሞ ተቆጣሁ። ያልሆነ ቃል ተናገርኩት። ደህና ግባ እንኳ አላልኩትም። ከዚያ ተነስቶ ነው መናኸሪያ የሄደው።»

ሚስራ የመስኮቱን ፍሬም ያዘች። ቤት ሊፈልግ አልነበረም የሄደው። ነገሩን ሊተው ነበር የሄደው። ብቻህን ሂድ ያለችውን ይዞ ሄዶ፣ እሷን መርጦ ሲመለስ ነው የቀረው።

«እሱ እንደሌለ እያወቅሁ መጣሁ» አለች ሰዒዳ እያለቀሰች። «እሱ አፉ ሊለኝ አይችልም። አንቺ በይኝ።»

«አፉ ብዬሻለሁ» አለች ሚስራ። «እኔንም ማን አፉ እንደሚለኝ እንጃ።»

ሰዒዳ ስትወጣ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። አፍራለች። «አሁን ይሄን ማንሳቴ ነውር ነው። ግን የሚቀበሉት እስከ ዓርብ ብቻ ነው፤ የሚሠራውም ከመስከረም ጀምሮ ነው፤ የአራት ወር ከዐሥር ቀን የሐዘን ዒዳሽም እስከዚያ ይወጣል። ባትፈልጊ ቅደጂው። እኔ ግን... እናቴ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም።»

ሚስራ ወረቀቱን ተቀበለች። አልቀደደችውም። አልፈረመችበትምም።

ሐሙስ፣ የሰባተኛው ቀን ሰደቃ ተበልቶ ዱዓው ካለቀ በኋላ፣ ወንዶቹ ከድንኳኑ ተበተኑ። ሴቶቹ ሳህን እየሰበሰቡ ሳለ ረቢአ እማ ኡምኩልሱም ጆሮ ላይ አንሾካሾከች። ከሳህኑ ኳኳታ የተነሳ የተናገረችውን ሚስራ አልሰማችም፤ የአማቷን ፊት ግን አየች።

«ሚስራ» አሉ እማ፣ ጮክ ብለው። «ያቺ ሴትዮ ወረቀት ሰጥታሻለች?»

የሳህኑ ድምፅ ቆመ።

«ሰጥታኛለች።»

«ልትሄጂ ነው?»

«አልፈረምኩም።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁሽ!» አሮጊቷ ከተቀመጡበት በጉልበታቸው ተነሱ። «ዛሬ እዚህ ሰው ፊት ንገሪኝ። ይሄ ከዚህ መነቀል የሚባል ነገር ከማን ነው የመጣው? ከልጄ ነው ካንቺ?»

እውነቱ ሚስራ ምላስ ላይ ነበር። ብትናገረው የረቢአ አፍ ይዘጋል፤ ከነገ ጀምሮ ገበያ ስትወርድ ማንም አይጠቋቆምባትም። ግን የእማ ኡምኩልሱም ከንፈር ሲንቀጠቀጥ አየች። እኚህ ሴት ልጃቸውን ቀብረዋል። «ጥሎኝ ሊሄድ ነበር» የሚሉትን ልጅ ደግሞ ዳግመኛ ይቅበሩ?

«ከእኔ ነው» አለች። «እኔ ነኝ የጨቀጨቅሁት። እሱ እማን ትቼ አልሄድም ነበር የሚለው።»

ከሴቶቹ አንዷ «ያ ረቢ!» አለች። ረቢአ ራሷን ነቀነቀች፤ አላልኳችሁም እንደማለት።

እማ ኡምኩልሱም በእጃቸው ወደ በሩ አመለከቱ። «ሁላችሁም እስኪ ውጡልኝ።»

ክፍሉ ባዶ ሲሆን ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ሚስራ ስድብ ጠበቀች።

«ዋሸሽ» አሉ አሮጊቷ።

«እማ...»

«ዋሸሽ። እኔ የወለድኩትን አላውቅም? ሰባት ዓመቱ ላይ እንስራ ሰብሮ በእህቱ በኢልሃም ያላከከ ልጅ ነው። የሚፈልገውን ሁልጊዜ በሰው አፍ ነው የሚናገረው። ‹ሚስራ አለች› ሲለኝ ገና ድምፁን ሰምቼ አውቄ ነበር።» ተመልሰው ተቀመጡ። «አውቄ ነው ዝም ያልኩት። የሞተ ልጅ ላይ ምን እላለሁ? አንቺ ግን አጠገቤ ነበርሽ። ጥፋቱ ካንቺ ይምጣ አልኩ። አፉ በይኝ።»

ሚስራ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሰባት ቀን ያፈሰሰችው እንባ አይደለም፤ ሌላ፣ ከሱ በታች የነበረው ወጣ። እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻቸው፦ አምስቱን በር፣ የሐሙሱን፣ ብቻህን ሂድ ያለችውን። እማ ሳያቋርጡ ሰሙ።

«ታዲያ አሁን አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉ ሲያበቃ። «እሱን ተይው። እኔንም ተይኝ።»

እስከዛሬ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሚስራ ዓይኗን ጠረገች።

«ድሮ እዚህ መቅረት ነበር የምፈልገው እማ። ትናንት ግን ርእሰ መምህሩን ላነጋግር እስከ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የትምህርት ቤቱ በር እሱ የሠራው ነው። የመድኃኒት ቤቱ እሱ የሠራው ነው። እነ ረቢአ በር ላይ ያለችው ጨረቃ እሱ የቆረጣት ናት። ከዚህ እስከዚያ ስሄድ ስንቱን በሩን እንዳለፍኩ አላውቅም። ሰውም በየበሩ ቆሞ ያየኛል። አልቻልኩም። እሱ ማንም አይጠራኝም ያለው ገባኝ። ግን አንቱን ትቼ...»

«እኔ ጋ ኢልሃም ከባቲ ትመላለሳለች። ጎረቤትም አለኝ፤ ክፉም ደግም። ከዚህ አልነቃነቅም፤ እሱን ደግመሽ አትጠይቂኝ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ወረቀቱን ፈርሚ። ዒዳሽን እዚህ ጨርሰሽ፣ ልጅቷን ይዘሽ ሂጂ። ሄደሽ ልጄ ምን አይቶ እንደወደደው አይተሽ ንገሪኝ። እኔ ጠይቄው አላውቅም።»

ውጭ የመግሪብ አዛን ጀመረ። እማ ኡምኩልሱም ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ፤ የውዱእ መታጠቢያ ውሃ ያለበትን ማንቆርቆሪያ አንስተው ወደ ደጃፉ ወጡ። ሚስራ ተከትላቸው ልትቀበል እጇን ዘረጋች።

«እማ፣ ያምጡት፣ እኔ ላፍስስልዎ።»

አሮጊቷ ማንቆርቆሪያውን አልሰጧትም። «ጎንበስ በይ» አሉ፤ በምራታቸው መዳፍ ላይ ውሃውን ያፈሱላት ጀመር።