የላላው ዶማ

«ታሂር!» ሀጀራ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ጮኸች። ከታች ብረት ከድንጋይ ሲጋጭ ሰምታ ነበር፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

«አለሁ፣ አለሁ!» አለ ባሏ። «የዶማው ብረት ወልቆ ጆሮዬን ታክኮኝ አለፈ። አላህ ነው ያተረፈኝ።»

ጉድጓዱ ጠባብ ነው። ጎረቤታቸው ሞላ ይቆፍራል፤ ታሂር እግሩ ስር አጎንብሶ አፈሩን በስልቻ ይሞላል፤ እሷ በገመድ ትስባለች። ዘመኑ ስልሳ አምስት፣ ያ የረሃብ ክፉ ቀን ነው። ሮቢት አጠገብ ወንዙ ደርቋል፣ ከብቱ አልቋል፣ የመንደሩ ግማሽ እርዳታ ፍለጋ ቆቦ ሄዶ መኪና መንገድ ዳር ተቀምጧል። ይህ ጉድጓድ ውሃ ካልሰጠ እነሱም መከተላቸው ነው።

ሀጀራ የመጨረሻውን ስልቻ ስትገለብጥ እጇ አፈሩን ነካ። አፈሩ ቀዝቃዛ ነው! ዘግና ጉንጯ ላይ አደረገችው፤ የዝናብ ሽታ ሸተታት።

«ሱብሃነላህ!» አለች። ምድር ላይ ላዩን እንዲያ እየነደደች፣ ሆዷ ውስጥ ይህን ደብቃ ኖሯል! እዚያው ተንበረከከች።

ሁለቱ ሰዎች ወጡ። ሞላ በአንድ እጁ ብረቱን፣ በሌላው እጀታውን ይዟል።

«እርጥበቱን አየሽው? ውሃው ክንድ አይቀረውም!» አለ። «ቀጥቅጬ ላጥብቀውና እንውረድ።»

«የሚያጠብቀው ሽብልቅስ?» አለች ሀጀራ።

«አግብቼበት ነበር፤ እንጨቱ ደርቆ ሲኮማተር ተፋው።»

በደጉ ዘመን ይህ ምን ጭንቅ ነበር! ዶማ ሲላላ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ እንጨቱ አብጦ ብረቱን ይነክሰዋል፤ ጠዋት ማንም አይነቅለውም። ዛሬ ግን ያለው ሀጀራ ከጎብዬ ማዶ ተሸክማ ለቆፋሪዎቹ ያመጣችው አንድ ቅል ውሃ ነው። ውሃ ለማግኘት ዶማ፣ ዶማ ለማጥበቅ ውሃ! ጉድ ነው መቼም።

«ቀስ ብዬ እቆፍራለሁ» አለ ሞላ።

«አያ ሞላ፣ ቀስ ተብሎ የሚቆፈር ድንጋይ የት አለ? ብረቱ የማን ራስ ላይ እንደሚወልቅ ያውቃል?» አለች ሀጀራ።

«ነገ ብንዝልስ? ውሃው እኮ እግራችን ስር ነው!» አለ ሞላ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ደግሞ የባሌን ጭንቅላት አልለቅምም!»

ገመዱን ስባ ጠቀለለችና ተቀመጠችበት። ዶማውን ከሞላ ተቀብላ፣ ብረቱን እጀታው ላይ መልሳ ገበቴ ውስጥ አጋደመችው፤ ቅሉን አነሳች።

«በስመ አብ! ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ሞላ።

ውሃውን ዶማው ላይ አንቆረቆረችው። እንጨቱ መጀመሪያ ዝም አለ፤ ከዚያ ከስንጥቁ አረፋ ተፍለቀለቀ። ነፍስ ያለው ይመስል ውሃውን ወደ ውስጥ ሳበው። ሦስቱም አጎንብሰው፣ አፋቸውን ከፍተው አዩት። የደረቀ እንጨት እንዲህ ሲጠማ ማን አይቶ ያውቃል? ሞላ እንኳ ክርክሩን ረሳው።

ታሂር የተሰነጠቀ ከንፈሩን በምላሱ ዳበሰ።

«ሀጀራ፣ አንድ ጉንጭ ብቻ» አለ በለሆሳስ።

ቅሉ ውስጥ ጥቂት ቀርታለች። ባሏን አየችው፤ በብረቱ የተፋቀውን ጆሮውንም አየች። ያችኑ የቀረችውን እጀታው ላይ አንጠፈጠፈቻት።

«መጀመሪያ ዶማው ይጠጣ» አለችው።