የሊንውድ ክራውሊ ፊርማ

ሊንውድ ክራውሊ እውነትም ማንበብ የማይችል ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተወራ። ችግሩ ሰውየው ያገኘውን ሁሉ የሚያነብ መሆኑ ነው። በአሜሪካ፣ በሜይን ጠረፍ ሎብስተር የሚባለውን ባለ ጥፍር የባሕር እንስሳ የሚያጠምድ ሁሉ ጀልባው ላይ ቡናና ትርፍ ገመድ ይይዛል፤ እሱ ደግሞ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰውን መጽሐፍ በላስቲክ ጠቅልሎ መሪው አጠገብ ያስቀምጣል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልጁን ኮሪንን ያሳደጋት ወጥመድ እየጎተተ፣ በየመሀሉ ጮክ ብሎ እያነበበላት ነው። ሌሎቹ አጥማጆች በሬዲዮ «ሊንውድ፣ ዛሬስ ዓሣዎቹን ምን አስተማርካቸው?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ኮሪን ለኮሌጅ ማመልከቻዋ መጀመሪያ የጻፈችው ድርሰት ይኸው ነበር። ኮሌጁ ከመቶ አመልካች ዘጠኙን ብቻ ነው የሚቀበለው። የገባ ሰው ግን የከዋክብት ጥናትን ከግሪክ ቋንቋ፣ የባሕር ሳይንስን ከሙዚቃ ጋር አጣምሮ መማር ይችላል፤ የሚከለክለው የለም። ልጅቷን ከዚያ ሌላ ምንም አልታይ ብሏት ነበር። የትምህርት ቤቷ አማካሪ ድርሰቱን አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ያምራል» አላት። «ግን መጽሐፍ እወዳለሁ የማይል አመልካች አይተሽ ታውቂያለሽ? እንዳንቺ ያለ ውጤት ያለው ደግሞ ሺህ ልጅ አለ። አንቺ ጋ ብቻ ያለው ነገር ምንድን ነው?»

ማታውን ድርሰቱን ገለበጠችው። አንባቢው አባት መሆኑ ቀርቶ አንባቢዋ ልጅ ሆነች። ሌላው ሁሉ እንዳለ ቀረ፤ ጀልባው፣ ጉሙ፣ በላስቲክ የተጠቀለለው መጽሐፍ። ሊንውድ ብቻ ፊደል የማይለይ ሰው ሆነ፤ የሰባት ዓመት ልጁ የአየር ትንበያ የምታነብለት። ስትጨርሰው አለቀሰች። በገዛ ውሸቷ! እዚያ ሩቅ ቢሮ ከሚቀመጡት በቀር ማን ያየዋል ብላ ላከችው።

የማርች ወር ሳያልቅ መልሱ በኮምፒውተር መጣ፤ ተቀብለዋታል። ሊንውድ የጎማ ቦቲውን እንዳጠለቀ ወጥ ቤት ውስጥ ጨፈረ። በሳምንቱ ደግሞ ወፍራም ፖስታ ደረሰ።

«ወዲህ በይው! ይሄንንስ እኔ ነኝ የማነበው» አለና እንደ ሰባኪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጀመረ። ውድ ኮሪን፣ በታላቅ ደስታ፣ እያለ ወረደ። ግርጌው ላይ በእጅ የተጻፈ ነገር ነበር፤ የቅበላ ክፍሉ ሰዎች ልባቸውን ለነካው ልጅ እንዲህ ይጽፋሉ። ሊንውድ በዚያው ድምፁ ቀጠለ፦ «ኮሪን፣ ማንበብ ለማይችለው አባትሽ ትንበያውን የምታነቢለት ነገር ከልቤ አልወጣ አለ። ይህንንም ደብዳቤ አንቺው አንብቢለት። ሜሬዲት ስሎን።»

የጸሐፊዋን ስም እንኳ ሳይዘል አነበበው። ኮሪን ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ጥሩ የእጅ ጽሕፈት አላት» አለ። ደብዳቤውን አጥፎ ሰጣትና ወጥመድ ሊጠግን ወጣ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የኮሪን ውሸት ግን እያደር ከበደ። ቢቆጣት፣ ቢሰድባት፣ ሳህን ቢሰብር ይሻላት ነበር። እሱ ግን ምሽት ምሽት ከፖስታው ጋር የመጣውን የኮርሶች መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር እያነበበ በእርሳስ ኮከብ ያደርግበታል። «አንቺ ፕሮፌሰር፣ ይሄን የዓሣ ነባሪ አደን ታሪክ የሚባለውን ካልወሰድሽ እኔ ሄጄ እማርልሻለሁ» ይላታል። ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት «እስቲ ጨው አቀብይኝ» ይላል።

በኤፕሪል አዲስ ገቢዎች ከነወላጆቻቸው ኮሌጁን እንዲጎበኙ ተጠሩ። ሊንውድ ለቀብር የሚለብሰውን ኮት ለበሰ፤ የኮርሶቹን መጽሐፍ በውስጥ ኪሱ ከተተ። ሣሩ ላይ በተተከለው ድንኳን ደጃፍ አንዲት ቀጭን ሴት እጇን ዘርግታ እየሮጠች መጣች።

«አቶ ክራውሊ! ሜሬዲት እባላለሁ! እንኳን፣ ደህና፣ መጡ!» አለች፣ ለደንቆሮ እንደሚነገር ቃሉን እየለየች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ሊንውድ። «ደብዳቤዎን ልጄ አንብባልኛለች።»

አሁን እናገራለሁ አለች ኮሪን በልቧ። ማመልከቻው መጨረሻ ላይ «የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ሐሰት ቢገኝ ቦታዬን ልጣ» በሚለው ሥር ፈርማለች። ልጣ አለች። ግን ሜሬዲት አባቷን ይዛ ወደ ድንኳኑ ገብታ ነበር።

ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ትልቅ መዝገብ ተዘርግቶ ነበር፤ ወላጅ ሁሉ ለልጁ ምኞቱን ይጽፍበታል። ሊንውድ ተራው ደረሰና ብዕሩን አነሳ። ሜሬዲት ደንገጥ ብላ «ኮሪን ትጻፍልዎት» አለች።

«ግድ የለም፤ የራሴን ምልክት አደርጋለሁ።»

ብዕሩን እንደ መዶሻ ጨበጠና፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ፊደል የማይለይ ሰው በፊርማ ፈንታ እንደሚያደርገው አንድ ጠማማ መስቀል ሠራ። የእጅ ጽሕፈቱ ከማማሩ የተነሳ የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የመደርደሪያዎቹን ስም ጻፍልን ብላ የምትለምነው ሰው ነው እንግዲህ። የሜሬዲት ዓይን እንባ ሞላ።

«እንዲህ ያለች ልጅ ስላለችዎት ዕድለኛ ነዎት» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ።

ኮሪን እስከ አሥር ለመቁጠር የሚበቃ ጊዜ ነበራት። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ሲመለሱ ፒካፑን አባቷ ይነዳ ነበር። ድንገት ሊንውድ «ፍጥነት ይቀንሱ» አለ። ለራሱ የሚናገር መስሏት ነበር። «ትኩስ እንቁላል፤ ዓርብና ቅዳሜ ብቻ» አለ ቀጥሎ። ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል የሚያልፉትን ሰሌዳ ሁሉ ያነብ ጀመር። «አጋዘን ያቋርጣል። የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን፤ የባቄላ እራት፤ ቅዳሜ በአሥራ አንድ ሰዓት። የሚሸጥ ጀልባ።»

«አባዬ፣ በቃ።»

«ምን አደረግኩ? እያነበብኩ ነው።»

«መኪናውን አዙረው። ተመልሼ ሁሉንም እነግራታለሁ። አባዬ፣ በናትህ አዙረው!»

መኪናውን ዳር አስያዘና ከዚያች ደብዳቤ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን አያት። ፊቱ አረጀባት።

«ነገርሻት እንበል» አለ ቀስ ብሎ። «ቦታሽን ይነጥቁሻል። ያን ጊዜ ያ መስቀል ምን ሊረባ ነው? በዚህ ዕድሜዬ በከንቱ መሃይም ሆኜ ልቅር?»

ኮሪን አንገቷን ደፋች። ሊንውድ መጽሐፉን ከኪሱ አውጥቶ ጭኗ ላይ አደረገው።

«ትማሪያለሽ። የዓሣ ነባሪውንም ትወስጃለሽ፤ በየዕረፍትሽ እየመጣሽ ታነቢልኛለሽ። ልጄ ታነብልኛለች ተብሎ ተጽፏል፤ እኔ ውሸታም ልጅ የለኝም።»

መኪናውን አንቀሳቀሰ። ከፊት ለፊት ሌላ ሰሌዳ እየቀረበ መጣ፤ ሊንውድ ዝም ብሎ ጠበቀ።

«አንብቢልኝ እንጂ» አላት።

ኮሪን አነበበችለት። ቀጣዩንም፣ ከዚያ የሚቀጥለውንም፣ የመንደራቸው ስም እስኪደርስ ድረስ እያለቀሰች አነበበችለት።