ጥርት ብሏል

«ባልዲውን ልቀቂ አልኩሽ!»

የሟቹ ታላቅ እህት ይህን ያሉት ጮኸው አይደለም፤ ለቅሶ ቤት ነውና በጥርሳቸው መሃል ነው። ሰው ሞልቷል። በውሰት የመጡ ወንበሮች ሳሎኑን ዙሪያውን ይዘውታል፤ ሻይ የምታድል ጎረቤት በጉልበትና በጉልበት መሃል እየተሽሎከለከች ታልፋለች። ባሏን ትናንት የቀበረችው ሴት ደግሞ የጥቁር ቀሚሷን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ ከመስታወቱ የዓሳ ገንዳ ውሃ በጣሳ እየቀዳች ባልዲ ውስጥ ትገለብጣለች።

«ደፍርሷል እኮ እትዬ። አያዩትም?»

«ይደፍርስ! ዛሬ የዓሳ ቀን ነው እንዴ? ሰው ምን ይላል?»

ሰው እንደሆነ ማለቱን አልተወም። ጥግ ላይ ከተቀመጡት ሁለት ሴቶች አንዷ ወደ ሌላዋ ጠጋ ብላ፣ «ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቷል» አለች። «ኧረ እሷ ድሮም ሳታጥብ አትውልም» አለች ሌላዋ። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ግን ዋናውን ነገር አላወቁትም። ዋናውን የምታውቀው ራሷ ብቻ ናት። ባሏን ዋሽታው ነው የሞተው።

እትዬ ባልዲውን ከእጇ ወስደው በምትኩ የሻይ ብርጭቆ አስያዟት። ተቀመጠች። ሻዩ እጇ ላይ ቀዘቀዘ፤ ዓይኗ ግን ከገንዳው አልተነቀለም። ውሃው ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል። በዚያ ነጭ ጭጋግ ውስጥ አንድ ብርቱካናማ ነገር ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። አለቃ ነው። በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነው።

ስሙን ያወጣለት ሟቹ ነበር። ሟቹ ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በፎቆች ሆድ ውስጥ፣ በጨለማ ጉድጓድ፣ ከቅባትና ከሽቦ ጋር ሲታገል ይውልና ቤት ሲገባ እጁን ታጥቦ ገንዳው ፊት ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ሆዱን ነፍቶ ወዲያ ወዲህ የሚለውን ወፍራም ዓሳ ነው «አለቃ» ያለው። «ይኸውልሽ፣» ይላል፣ «አፉን ይከፍታል፣ አፉን ይዘጋል፣ ድምፅ ግን የለውም። እንዲህ ያለ አለቃ የት ይገኛል?» በራሱ ቀልድ ቀድሞ የሚስቀውም እሱ ነው።

እሷ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ፊቱ ስትቆም፣ «ፈቀቅ በይልኝ እንጂ፣ አለቃን ጋረድሽብኝ» ይላታል። እልኸኛ ናትና ሆን ብላ ትቆማለች።

«እኔን ብታይ ምን ይጎድልብሃል?»

«አንቺንማ በመስታወቱም አይሻለሁ።»

እሷ የሆቴል ልብስ አጣቢ ናት። አንሶላ በሉት፣ ፎጣ በሉት፣ እጇ የገባ ነገር ሁሉ ነጭ ሆኖ ካልወጣ እንቅልፍ የላትም። እሱ ሆስፒታል የገባ ሰሞን ታዲያ ምን አደረገች? ሲመለስ ደስ ይበለው ብላ ገንዳውን እንዳለ ገለበጠችው። ጠጠሩን በፈላ ውሃ አጠበች። የማጣሪያውን ስፖንጅ በሳሙና አሽታ፣ ጨምቃ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ከዚያ ከቧንቧ የወረደ ውሃ ሞላችበት። እንዴት አምሮ ነበር! ግን ብዙም አልቆየ፤ ውሃው ነጣ። እንደገና አጠበች፤ እንደገና ነጣ። ትንንሾቹ ዓሳዎች ሆዳቸውን ወደ ላይ እያደረጉ አንድ በአንድ ተንሳፈፉ።

ስንት ጊዜ ነግሯት ነበር! «ውሃ አንሶላ አይደለም እኮ፣ አንቺ ሴት! እዚህ ስፖንጅና ጠጠር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት አሉ፤ ውሃውን የሚያጠሩት እነሱ ናቸው። ካጠብሻቸው አለቁ።» እሱ እንደሆነ ትንሽ ውሃ ብቻ ይቀዳል፣ በምትኩ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ ይጨምራል፣ ከዚያ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። ይህንን እሷ «የስንፍና ሰበብ» ትለው ነበር።

ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖም የሚጠይቃት ስለ ራሱ አልነበረም።

«ውሃው እንዴት ነው?»

«ጥርት ብሏል።»

«አለቃስ?»

«አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።»

«ትንንሾቹስ?»

«ሁሉም ደህና ናቸው። አንተ ብቻ ዳንልኝ።»

እንዲህ እያለች ስንቱን ቀን ገፋችው። በመጨረሻ ግን፣ «እስቲ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ» አላት። ቤት ገብታ ገንዳው ፊት ቆመች። ምኑን ታንሳው? ጭጋጉን? ከስልኳ ውስጥ ድሮ የተነሳ፣ ውሃው ኩልል ያለበትን ፎቶ ፈልጋ ላከችለት።

በማግስቱ ስትሄድ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ጠበቃት። ፎቶውን እንደገና ከፍቶ ረጅም ጊዜ አየው። በአፍንጫው አጭር ሳቅ ሳቀ። «እንዴት አምሯል!» አላት፤ እጇን ያዘ። «እጅሽ ይባረክ። እንግዲህ አትንኪው፤ እንዳለ ተይው። ምግብም አታብዢለት።» የበሽተኛ ወሬ መሰላት፤ እሺ እሺ ብላ ትራሱን አስተካከለችለት። ከዚያ በኋላ ደውለው ነው የጠሯት፤ ስትደርስ አንሶላው ፊቱ ላይ ነበር።

እንግዲህ አሁን የምትታገለው ያንን ውሸት እውነት ለማድረግ ነው። ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሄዶ ብቻዋን ከገንዳው ጋር ከመፋጠጧ በፊት ውሃው መጥራት አለበት። ካልጠራ፣ ያንን የመሰለ ሰው እንዳታለለች ዕድሜዋን ልትገፋ ነው። ይህን ለማን ትንገር?

ጠያቂውም አላገዛት። እጁን የት እንደሚያደርገው የጨነቀው ሁሉ ገንዳው ጋ ይሄድና ቁራሽ ዳቦ ፈርፈር አድርጎ ጠብ ያደርጋል። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት፣ «እሱም ሐዘንተኛ ነው፤ ይቅመስ እንጂ» ብለው ግማሽ ዳቦ ለቀቁበት።

«ጋሼ፣ ኧረ በእናትዎ!» ብላ ከወንበሯ ተነሳች።

«ምነው ልጄ፣ ለዳቦ?» አሉ ቅር ብሏቸው።

ሳቅ አመለጣት። ሳቁ ግን ሳያልቅ ልቅሶ ሆነ፤ ሴቶቹ ይዘው አስቀመጧት። ውሃውም የባሰ ነጣ።

ጥቂት ቀናት አልፈው፣ ሰው ሳሳ ባለበት አንድ ከሰዓት፣ እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አጠገቧ ተቀመጡ። ካገባች ጀምሮ ያወጡላትን ስም እስከ ዛሬ አልተዉትም። «ሙሽራዬ፣» አሏት፣ «እስቲ የወንድሜን ፎቶ አሳዪኝ።»

ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው፣ በየፎቶው «እኔ ልደፋልህ» እያሉ በጣታቸው ያሳልፋሉ። ከዚያ አንዱ ላይ ቆሙ።

«እዚህ ላይ እንዴት አምሮበታል ወንድሜ!»

አንገቷን አስግጋ አየች። የገንዳው ፎቶ ነው፤ ያው የላከችለት።

«እሱ እኮ ዓሳው ነው እትዬ። እሱ የለበትም።»

«ምን ነካሽ? ዓይንሽ በልቅሶ ጠፋ እንዴ? ይኸውልሽ፣ መስታወቱ ላይ!» በሁለት ጣታቸው ፎቶውን አሰፉት።

አለ። ከአለቃ ጎን፣ መስታወቱ ላይ ምስሉ ይታያል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚለብሰው ባለ መስመር ሸሚዝ፤ በሁለት እጁ የያዘው የሷ ስልክ፤ የመስኮቱ ብርሃን ያረፈበት ሙሉ ጉንጩ፣ በሽታ ያልነካው። ፎቶውን ያነሳው እሱ ራሱ ነበር።

«እትዬ…» አለች። «ይሄንን ነው የላክሁለት። ዛሬ ያነሳሁት ነው ብዬ። ውሃው ጠርቷል ብዬ ዋሽቼው…»

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «ምን አለሽ?»

«እንዴት አምሯል አለኝ።»

«ሌላስ?»

«እጅሽ ይባረክ አለኝ። አትንኪው፣ እንዳለ ተይው፣ ምግብ አታብዢ…» ለጠራ ውሃ ማን አትንኪው ይላል?

አውቆ ኖሯል! ጤነኛው ራሱ ከመስታወቱ ውስጥ ቀና ብሎ እያየው፣ ሚስቱ አልጋው አጠገብ ዓይኗን ሰብራ እየዋሸችው፣ አውቆ ኖሯል። ሊያሳፍራት አልፈለገም። ለደፈረሰው ውሃ መድኃኒቱን ነግሯት፣ ያን ሁሉ ያጠፋውን እጇን መርቆላት ሄደ።

«እኔ ያታለልኩት መስሎኝ!» ብላ እትዬ ጉልበት ላይ ተደፋች። በቀብሩ ቀን እንኳ እንዲያ አላለቀሰችም። እትዬም ጀርባዋን እያሻሹ፣ «አይ ወንድሜ! ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር፤ እኔ የሰበርኩትን ዕቃ እኔ ነኝ ብሎ ይገረፍልኝ ነበር» እያሉ አብረዋት አለቀሱ።

ሲወጣላት ተነሳችና ባልዲውን ወደ ጓሮ አወጣችው። ጣሳውን ግን ለእትዬ ሰጠቻቸው።

«ይደብቁልኝ። እኔ ራሴን አላምነውም።»

መተው እንዴት ከባድ ሥራ ነው! እጇ በልማዱ ይነሳል፤ መልሳ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። ዳቦ የያዘ ሰው ብቅ ሲል እትዬ «ከዓሳው ራቁ!» እያሉ ዘብ ቆሙላት። ጠያቂው እያነሰ ሄደ፤ ወንበሮቹም ወደየባለቤቶቻቸው ተመለሱ። እትዬም ጣሳውን ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ አቅፈዋት ወደ ቤታቸው ሄዱ። ውሃው መጀመሪያ ምንም አልለየለትም። ቆይቶ ከታች ጠጠሩ ታየ፤ ከዚያ የማጣሪያው ቱቦ። አንድ ጠዋት ከመኝታ ቤት ስትወጣ አለቃ ከነሙሉ ገላው ከጥግ እስከ ጥግ ይዋኛል። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ጥርት ብሏል» አለች ድምፅ አውጥታ።

ቤቱ ባዶ ነው። ውሸት ሳለ በየቀኑ የነገረችውን ቃል፣ እውነት በሆነበት ቀን የምትነግረው ሰው አጣች። ቆማ ትንሽ አለቀሰች፤ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች።

ከዚያ ስልኳን አንስታ ገንዳው ፊት ቆመች። በመስኮቱ ብርሃን ገብቷል። መስታወቱ ላይ ጥቁር የለበሰች፣ ፊቷ የከሳ ሴት፣ ስልክ በሁለት እጇ ይዛ መሃል ላይ አለቃን ጋርዳ ቆማለች። በጣቷ ልትጫን ስትል ተወችው።

አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለችለት፤ ከዚያ ፎቶውን አነሳች።