ድልድዩ የፈረሰ ዓመት

ጥልፍ ጠላፊዋን ያንገበገባት የዓይኗ መጨለም ሳይሆን አለመታመኗ ነበር። ያ ሁሉ ሽበት፣ ያ የጎበጠ ወገብ ፊቱ ቆሞለት የቀበሌው መዝጋቢ «እማማ፣ ዕድሜዎን በምን እንመን?» አላት። ሐኪም ቤቱ ሰባ ዓመት ለሞላው ሰው የዓይን ሞራ በነፃ ይገፍፋል፤ የልደት ማስረጃ ግን አምጡ ይላል። እሷ ስትወለድ የጻፈ ሰው የለም። ቃለ መሐላ ይበቃል ስለተባለ ጎረቤቷን ልብስ ሰፊውን ምስክር አድርጋ ብታቀርበው፣ መዝጋቢው ሳቀ። እሱ እርስዎ ሲወለዱ የት ነበርና ይምላል፣ የሚበልጥዎትን ሰው ይፈልጉ ብሎ መለሳት።

የሚበልጠኝማ አፈር ለብሷል ብላው ወጣች። ውሸቷን ነው። ከገበያው ማዶ ታላቅ እህት አለቻት።

ጠላፊዋን በወጣትነቷ አንድ አናጢ ለጋብቻ ጠይቋት ነበር። ሃያ አራት ዓመቴ ነው አለችው። የአናጢው አባት ታላቂቱን መንገድ ላይ አግኝተው ቢጠይቋት፣ ያቺ ሆዷ ነገር የማይቋጥር፣ «ድልድዩ የፈረሰ ዓመት ነው የተወለደችው፤ ሠላሳ ሞልቷታል» ብላ እቅጩን ነገረቻቸው። አናጢው በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ «እትዬ» የሚለው ቃል ከጠላፊዋ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ገበያ ላይ ሲገጣጠሙ እንኳ ፊቷን ወደ ሽንኩርቱ ታዞራለች።

መርፌው ቀዳዳ እንዳለው በጣቷ መዳሰስ ስትጀምር ግን ኩራቷን ውጣ የእህቷን በር አንኳኳች። የከፈተችላት አሮጊት ናት፤ መቼ አረጀች? ሰላምታ አልተለዋወጡም። ተነሽ፣ ዕድሜዬን ምለሽ ታስመዘግቢልኛለሽ አለቻት፤ ለምን እንደሆነ አልነገረቻትም። ኩራት ቢዋጥ ቢዋጥ ጉሮሮ ላይ የሚቀር አያጣም። ታላቂቱ ጫማዋን ገልብጣ አድርጋ ተከተለቻት።

ቀበሌ ሲደርሱ መዝጋቢው አስምሎ ጠየቃት። ታላቂቱ እህቷን ቀና ብላ አየቻት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ትንሽ ናት፣ ልጄ። ስልሳም አልሞላት።»

ጠላፊዋ ተንጨረጨረች። ያኔ በእውነት ገደለችኝ፣ ዛሬ ደግሞ በውሸት ልትደግመኝ ነው ብላ አፏን ልትከፍት ስትል፣ ታላቂቱ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለች።

«ያኔ ምላሴን በቆረጠው ስል ነው የኖርኩት። ዛሬ ካስኩሽ፣ እህቴ።»

ንዴቷ እንደ ፈሰሰ ውሃ ከእጇ ሄደ። ለመሆኑ በስድስት ዓመት ጭማሪ የሚሸሽ ወንድ ምን ባል ይሆን ነበር? ይህን ለማሰብ ዓይኗ እስኪጠፋ መጠበቅ ነበረባት? ዕድሜ ልኳን ቂሙን ታቅፋ፣ ይህቺን ሴት በቁሟ ቀብራት ኖራለች። አሁን ፊቷን ልታያት ብትፈልግ ጭጋግ ብቻ ነው።

መዝጋቢው ሊጽፍ ሲል እጁን ያዘችውና ወደ እህቷ ዞረች።

«እትዬ፣ ለአናጢው አባት ያልሽውን ነው የምፈልገው። እሱኑ ለዚህም ሰውዬ ድገሚለት፤ ጮክ ብለሽ።»