በብብቴ የሟሟ ዘይት

ሬዲዮዬን የገደለችው እየሩስ ናት፣ የልጅ ልጄ። ድሮም ሬዲዮዋ ትንተባተብ ነበር፤ ቢሆንም የሰው አገር ወሬ ታሰማኝ ነበር። ልጅት የሬዲዮዋን ሆድ ከፍታ ማግኔቷን አወጣችና ቀፎውን ለእኔ መለሰችልኝ።

"ለትምህርት ነው እምዬ" አለችኝ።

ለትምህርት ከሆነ ምን እላለሁ? ደግሞም ለመቆጣት ጉልበት ያስፈልጋል፤ የኔ አልቋል። ልጆቼን አሳደግሁ። ትንሿ ልጄ ለሥራ ቤሩት ብላ ስትሄድ ደግሞ እየሩስን ትታልኝ ሄደች። ዳባት ላይ ሁለታችን ብቻ ነን።

እየሩስ ከደርቤ ብየዳ ቤት ብረት ሲሞረድ የሚረግፈውን ዱቄት ለቅማ መጣች። ደርቤ ያ ሚስቱ ጥላው ዛሪማ የገባችበት ነው። እሷም አይፈረድባት፣ ሰውየው ሲያንኮራፋ እኛ ቤት ይሰማል። ብቻ ይሄ ይቆየን።

ዱቄቱን በመድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ ከዘይት ጋር አድርጋ እሳት ዳር ናጠችው። ጠቆረ። ማግኔቷን ወደ ጠርሙሱ ጎን ስታስጠጋ ግን፣ ያ ሁሉ ብትንትን ያለ ዱቄት አንዱ አንዱን እየያዘ ክር ሆነ!

"ማግኔት ሲቀርባት እያንዳንዷ ቅንጣት ራሷ ትንሽ ማግኔት ትሆናለች" አለችኝ። "ራስና ጭራ ታወጣለች። የአንዷ ራስ የሌላዋን ጭራ ይስባል። እኩል ጎን ለጎን ከቆሙ ግን ይገፋፋሉ።"

"ወደ ጨነቅ ተራራ እንደሚወጡት በቅሎዎች በይኛ! ፊትና ኋላ ሲሄዱ ሰላም፣ ጎን ለጎን ሲሆኑ እርግጫ።"

"ይቺን እዚያ እናገራታለሁ!" ብላ ሳቀች።

"ዘይቱስ ለምንድነው? ይሄ ሁሉ ወጥ ይሠራ ነበር።"

"ውሃ ውስጥ ቶሎ ይዘቅጣል። ዘይት ያዘገየዋል፤ ሰው ክሩ ሲሠራ ያያል።"

"እዚያ" ስትል ደባርቅን ነው። መምህሯ ዘመነ እንዳለው፣ ተማሪዎች የሠሩትን የሚያሳዩበት ቀን ተቆርጧል፤ አንደኛ የወጣውን ጎንደር ወስደው ያስተምሩታል፣ መኝታውም ምግቡም ከነሱ ነው። ጎረቤቴ እናናዬ ይቺን ስትሰማ ሮጣ መጣች።

"ከሄደች መመለስ የለም። እናቷን አላየሽም?" አለችኝ።

የእናናዬ አፍ! ግን ያንን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማን ውሃ ይቀዳልኛል? ማንስ ከገበያ ወሬ ያመጣልኛል?

ቀኑ ደረሰ። አሳዳጊ አብሮ ይምጣ ስለተባለ እኔም ጉልበቴን እየጎተትሁ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ደባርቅ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አዳራሽ ገባን፣ ጠረጴዛ ሰጡን። እየሩስ ጠርሙሷን ከቦርሳ ስታወጣ ፊቷ አመድ መሰለ።

"እምዬ፣ ረጋብኝ!"

ያ ቀበሌ የሚያድለን ዘይት ነው'ኮ። ጠዋት ጠዋት በማንኪያ እየፋቅን የምናወጣው! ቤት ስትሞክረው ሁሌ እሳት ዳር ስለሆነ፣ ብርድ ላይ እንደሚረጋ እሷም እኔም ትዝ አላለንም። ዱቄቱ ከታች ተጋግሮ ቀርቷል። ማግኔቷን ብታስጠጋ ንቅንቅ የለም።

አግዳሚው ላይ ቁጭ አልሁ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። እኔ ምንም አላደረግሁም፤ ብርዱ አደረገልኝ። ዝም ብዬ መቀመጥ ብቻ ነው፣ ከዚያ ሁለታችንም ወደ ቤታችን። መቀመጥ ደግሞ አውቅበታለሁ።

ልጅት ግን አላለቀሰችም። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና "በቃ እንመለስ እምዬ። አንቺም ደክሞሻል" አለችኝ።

አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ እንደ አሮጊት ስታወራ ሰማኋት። የኔን ድካም አንስታ ለበሰችው። ይሄስ አልተዋጠልኝም።

"አምጪ ወዲህ" አልኋት።

ጠርሙሱን ተቀብዬ ከጋቢዬ ሥር፣ ብብቴ ውስጥ ሸጎጥሁት። እናቴ ድረሽ! እንቁራሪት ያቀፍሁ ነው የመሰለኝ። ተራችን መጨረሻ በመሆኑ ተረፍን። ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ አጠገቤ ያለችውን ሴትዮ የማን ምራት እንደሆነች እየጠየቅሁ ቆየሁ። የሚዳኙት ሰዎች እኛ ጋ ሲደርሱ ዘይቱ ሟሟ። ናጥሁና ሰጠኋት።

ክሩ ቆመ። እየሩስ በቅሎዎቹን ስትናገር አዳራሹ ሳቀ። ሰዎቹም ጻፉ፣ ሄዱ። ማግኔቷን በላስቲክ ጠርሙሱ ላይ አስራ ተወችው።

ተመካክረው ሲመለሱ ረፍዷል፤ ብርዱ ግን ያው ነው። ከጎንደር የመጣው መነጽራም ሰውዬ "ማግኔቱን አንሺው እስቲ፣ ሲበተን እንይ" አላት። አነሳችው። ክሩ አልተበተነም! ጠርሙሱን ተቀብሎ ዘቀዘቀው። እንደቆመ ነው።

"አሁን ምን ይዞት ነው?" አለ።

"ብርዱ ነዋ!" አልሁት እኔ።

"እርስዎ ማነዎት?"

"ማሞቂያው።"

እየሩስ ፊቷ እየቀላ ሁሉንም ነገረችው። "አስቤበት አይደለም። መጀመሪያ ረግቶብኝ ነበር፣ እምዬ በብብቷ አሟሟችልኝ። ክሩን ከሠራ በኋላ ደግሞ መልሶ ረጋ፤ ዘይቱ ሲጠጥር ቅንጣቶቹ የሚሄዱበት አጡ።"

ሰውዬው ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ይዞ ብዙ አየው። ከዚያ አንደኛ ብለው ስሟን ጠሩ። ሰው ሲያጨበጭብ ልነሳ ብዬ ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ ተቀምጬ እልል አልሁ።

መስከረም ላይ ሄደች። ማግኔቷን ይዛ ክሩ የረጋበትን ጠርሙስ ለእኔ ተወችልኝ። እናናዬ መጥታ እያገላበጠች "ለዚች ጥቁር ፀጉር ነው ልጅሽን የወሰዱት?" አለች። ብትቀና ነው።

ትናንት ምድጃ ዳር ረስቼው ዘይቱ ሟሟ፤ ክሩ ፈርሶ ከታች ተከመረ። የሚያቆመው ማግኔት ጎንደር ነው ያለው። ዛሬ ጠዋት ሳየው እንደተከመረ ረግቷል። አንስቼ ብብቴ ውስጥ ሸጎጥሁት። ምን ሊሠራልኝ እንደሆነ እንጃ።